ባትሪን በፍጥነት የመሙላት ጥበብ ታሪክ



የመጀመሪያው የእጅ ስልክ በአሜሪካ አገር በ1983 ለገበያ በቀረበ ጊዜ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። ሞቶሮላ የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ስልክ ከክብደቱና ከቅርጹ የተነሣ «ጡብ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ገዢው ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የሚያገኘው የ30 ደቂቃ ያህል መነጋገሪያ ነው፤ ያችን 30 ደቂቃ ከጨረሰ በኋላ ባትሪው እንደ ገና እስኪሞላ ድረስ 10 ሰዓት ያህል መጠበቅ ግዴታው ነበር። ለአንድ ደቂቃ ንግግር 20 ደቂቃ መጠበቅ ማለት ነው። ከዚህ 40 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ሪልሚ የተባለ የቻይና ኩባንያ ባዶውን ስልክ 10 ደቂቃ ሳይሞላ እንደሚያጠግብ የተናገረለትን ቻርጀር ይዞ ቀረበ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል ስላለው መንገድና መንገዱን ስለ ጠረጉት ሰዎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

ጉዳዩ ከእናንተ የራቀ አይደለም። ስልክ ዛሬ መነጋገሪያ ብቻ ሳይሆን ሰዓት፣ ማስታወሻ ደብተርና ፋኖስ ሆኗል፤ ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳ ነው። ባትሪው ያለቀበት ሰው ገንዘብ እያለው ምሳውን ለመክፈል ሲቸገር ያላየ የለም። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሮ ወደ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ብቅ ቢል፣ ያ ግማሽ ሰዓት ወደ ስልካችሁ ምን ያህል ኀይል ያስገባል የሚለው ነገር የሊቃውንት ብቻ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

ብዙ ሰው ፈጣን ቻርጅ ማለት ኤሌክትሪክን በብዛትና በጕልበት መግፋት ይመስለዋል። መግፋቱስ ምንም አያስቸግርም። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ በሺሕ የሚቈጠር ዋት ከግድግዳው ሲስብ ግድግዳው አልከለከለውም፤ ስልክ የሚፈልገው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ችግሩ ያለው ከሰጪው ዘንድ ሳይሆን ከተቀባዩ ዘንድ ነው። የዚህ ጥበብ ታሪክ፣ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ፣ ተቀባዩን የማግባባት ታሪክ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢጣልያዊው ከአሌሳንድሮ ቮልታ ነው። ቮልታ የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን እያፈራረቀ ደርቦ፣ በየመካከላቸውም በጨው ውኃ የራሰ ነገር አስገብቶ፣ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ለማግኘት ቻለ፤ ይህንንም ማርች 20 ቀን 1800 በጻፈው ደብዳቤ ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አስታወቀ። የቮልታ ባትሪ ግን እንደ ክብሪት ነበር፤ አንድ ጊዜ ከነደደ በኋላ መልሶ አይሞላም።

መልሶ የሚሞላውን ባትሪ ያገኘው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። በ1859 ሁለት የእርሳስ ዝርጎችን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ኤሌክትሪክ ሲገባበት በእርሳሱ ላይ የኬሚስትሪ ለውጥ ይሆናል፤ ሲወጣ ለውጡ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ዛሬ መኪና የሚያስነሣው ባትሪ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ዳሩ ግን የፕላንቴ እርሳስ በቂ ኀይል ለመያዝ እንዲችል ደጋግሞ መሙላትና ማፍሰስ ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ አንዱን ባትሪ ለሥራ ማብቃት እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር። በ1881 ካሚይ ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በዝርጉ ላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊጥ ቀባበትና ያንን ጊዜ በብዙ አሳጠረው። ፎር ብዙ ኤሌክትሪክ አልገፋም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ብዙ ቀዳዳና ብዙ ገጽ ያለው ሊጥ በመቀባት ለኤሌክትሪኩ ሰፊ መቀበያ መስጠት ነበር። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን በልባችሁ ያዙት።

በ1899 ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር ከኒኬልና ከካድሚየም ባትሪ ሠራ፤ ከላይ የጠቀስነው «ጡብ»ም የሚሠራው በዚህ ወገን ባትሪ ነበር። ለሥራ ጽኑ ቢሆንም ከባድ ነው፣ ካድሚየሙም መርዝ ነው። ስለዚህ እርሱን አልፈን ወደ ዋናው እንሂድ።

ዋናው ሊቲየም ነው። ሊቲየም ከብረታ ብረት ሁሉ የቀለለ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት እጅግ የሚቸኩል ጠባይ አለው። ቸኳይ መሆኑ ለባትሪ ተፈላጊ አደረገው፤ ያው ጠባዩ ግን ውኃ ሲነካው የሚቈጣ፣ አየር ሲያገኘው የሚበላሽ፣ ለመያዝ የሚያስቸግር አድርጎታል። በ1970ዎቹ ዓመታት ነዳጅ ተወድዶ ዓለም በተጨነቀ ጊዜ፣ የነዳጅ ነጋዴው ኤክሶን ሳይቀር ስለ ሌላ የኀይል ምንጭ ማሰብ ጀመረ። በዚያ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ቲታኒየም ዳይሰልፋይድ የተባለው ንጥረ ነገር በንጣፎቹ መካከል ሊቲየምን አስገብቶ ሳይፈርስ መልሶ ሊያስወጣ እንደሚችል አገኘ፤ ሥራውንም በ1976 አሳተመ። ከዚህ በፊት በነበሩት ባትሪዎች ውስጥ ነገሩ ሲበላና ሲታደስ የሚኖር ነበር፤ በዚህ በአዲሱ ግን ሊቲየሙ እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ እንግዳ ይወጣል፣ ቤቱም እንደ ቆመ ይቀራል።

የዊቲንግሃም ባትሪ አንዱ ዋልታ እንዲህ ያለ መልካም ቤት ሲሆን፣ ሌላው ዋልታ ግን ራቁቱን የሆነ የሊቲየም ብረት ነበር። ባትሪው በተሞላ ቍጥር ሊቲየሙ ወደዚያ ብረት ሲመለስ እኩል አይነጠፍም፤ እዚህም እዚያም እንደ እሾኽ ይበቅላል። እሾኹ እያደገ ሄዶ፣ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለውን መለያ ወግቶ ከማዶው በደረሰ ጊዜ እሳት ይነሣል። ወደ ቤተ ሙከራው መመላለስ የሰለቻቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የሊቲየምን እሳት የሚያጠፋውን ልዩ መድኀኒት ዋጋ ከእንግዲህ እናንተ ትከፍላላችሁ ብለው እስከ ማስፈራራት ደርሰው እንደ ነበር ይነገራል። ሰዎቹ ሐሰት አላሉም፤ ሒሳቡ የነርሱ አልነበረም።

በ1980 ሁለት ነገሮች በሁለት አገር ተገኙ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ጉድኢናፍ ከባልደረቦቹ ጋር የኮባልት ኦክሳይድን ዋልታ አስገኘ፤ ይህም የባትሪውን ቮልት ወደ 4 ከፍ አደረገው። ሰውየው ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 60 ተቃርቦ፣ ብዙዎቻችን ስለ ጡረታችን ወረቀት በምናስብበት ወራት ላይ ነበር። ኮባልቱም፣ በነገራችን ላይ፣ ዛሬ በብዛት የሚወጣው ከአህጉራችን ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። ሁለተኛው ነገር የተገኘው በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ሲሆን፣ ያገኘውም በሞሮኮ ከተማ በፌስ የተወለደው ራሺድ ያዛሚ ነው። ያዛሚ፣ እርሳስ ብለን በምንጠራው መጻፊያ ውስጥ ያለው ግራፋይት፣ ሊቲየምን እየተቀበለ መልሶ ሊሰጥ እንደሚችል አሳየ።

ከዚያም ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ የኮባልቱን ዋልታ ከካርቦን ዋልታ ጋር አጋጥሞ በ1985 ባትሪ ሠራ። ራቁቱን የሚቀመጥ የሊቲየም ብረት በዚህ ባትሪ ውስጥ የለም፤ ሊቲየሙ ሁልጊዜ በአንዱ ቤት ወይም በሌላው ውስጥ ነው፣ ወይም በመንገድ ላይ ነው። ዮሺኖ ከባድ ብረት ከላይ ወርውሮ ባትሪውን ደቈሰው፤ ምንም አልሆነም። የሊቲየም ብረት ባለበት ባትሪ ላይ ያንኑ ሲያደርግ ግን በኀይል ፈነዳ። ሶኒ ኩባንያ ይህን ዐይነት ባትሪ በ1991 ለገበያ አቀረበው። በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዊቲንግሃም፣ ለጉድኢናፍና ለዮሺኖ ሲሰጥ ጉድኢናፍ 97 ዓመቱ ነበር፤ ኖቤል የተሸለመ ሰው ሁሉ በዕድሜ አልደረሰበትም። የኖቤል ሕግ ከሦስት ሰው በላይ አይፈቅድምና የያዛሚ ስም አልተጠራም። በ2014 ከጉድኢናፍና ከዮሺኖ ጋር የአሜሪካን የድሬፐር ሽልማት ተካፍሎ እንደ ነበር ሳስብ፣ ይህ ነገር ለእኔ ቅር ያሰኘኛል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ነገር እንመለስ። ግራፋይት ከእሳቱ አዳነን፤ መዘግየትን ግን አመጣብን። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ውስጥ መግባት ይኖርብናል።

ግራፋይትን በመሶብ ላይ እንደ ተነባበረ እንጀራ አድርጋችሁ ቍጠሩት። ስልካችሁን ሶኬት ላይ ስትሰኩ፣ ኤሌክትሮኖች በሽቦው በኩል ዞረው ወደ ግራፋይቱ ሲሄዱ፣ ሊቲየሞች ደግሞ አዮን ሆነው በባትሪው ሆድ ውስጥ ባለው ፈሳሽ በኩል እየዋኙ ወደዚያው ይሄዳሉ፤ ደርሰውም በእንጀራውና በእንጀራው መካከል ይገባሉ። ለ6 የካርቦን አቶሞች አንድ ሊቲየም ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ስለሚመጡ ፈጣኖች ናቸው። ሊቲየሞቹ ግን በእግር እንደሚመጣ እንግዳ ናቸው። በፈሳሹ ውስጥ ሲጓዙ የፈሳሹን ቅንጣቶች እንደ ካባ ለብሰው ነው የሚመጡት፤ በበሩ ላይ ያንን ካባ ማውለቅ አለባቸው። ከዚያም በባትሪው የመጀመሪያ አሞላል ጊዜ በግራፋይቱ ላይ የተፈጠረውን ስስ ቆዳ አልፈው፣ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ እየተጠጉ ወደ ጥልቁ መግባት ይኖርባቸዋል። ቆዳው ቀጭን ቢሆንም ካልኖረ ፈሳሹ ግራፋይቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ጠባቂም እንቅፋትም ነው።

ባትሪው ባዶ በሆነ ጊዜ ነገሩ ገና ማለዳ እንደ ሆነ የሰርግ ዳስ ነው። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ እንግዳ በሰልፍ ቢገባም አሳላፊው ወደ ውስጥ ይመራዋል። ዳሱ ከግማሽ በላይ ከሞላ በኋላ ግን የሚገባው ሰው ባዶ ቦታ እስኪያገኝ በወንበሮች መካከል እየተሹለከለከ መዞር አለበት፤ በበሩ ላይ ያለው ሰልፍም ይበዛል። በዚህ ጊዜ ከውጭ ያለው ሰው «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ቢገፋ ምን ይሆናል? እንግዶቹ ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ በደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። በባትሪውም የሚሆነው ይኸው ነው። ከሚገባው በላይ የተገፋው ሊቲየም በግራፋይቱ ገጽ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ያ የተለጠፈ ሊቲየም ብዙው ወደ ሥራ አይመለስም፤ ስለዚህ ባትሪው ያረጃል። ከዚህም በቀር በኤክሶን ቤተ ሙከራ እሳት ያስነሣው እሾኽ እንደ ገና የመብቀል ዕድል ያገኛል። ዮሺኖ በፊት በር ያስወጣው ጠላት በኋላ በር ይገባል ማለት ነው። በብርድ ጊዜ ሊቲየሞቹ ይበልጥ ስለሚዘገዩ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ አደጋው የባሰ ነው፤ ብዙ ስልኮችም በእንዲህ ያለ ብርድ ውስጥ መሙላትን ራሳቸው ይከለክላሉ ወይም ያዘገያሉ።

ከዚህ የተነሣ የሊቲየም ባትሪ ሁሉ የሚሞላው በሁለት ምዕራፍ ነው። እንስራ ስትሞሉ መጀመሪያ ውኃውን እንደ ልብ ታንቆረቍራላችሁ፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ ግን እጃችሁን ትይዛላችሁ። ቻርጅም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የኮረንቲው መጠን ሳይለወጥ ይገባል፤ የባትሪው ቮልትም ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። በብዙ ባትሪዎች 4.2 ቮልት፣ በአዳዲሶቹ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ልክ ላይ ሲደርስ ቮልቱ እዚያው ተይዞ ይቆምና ኮረንቲው እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጭልጭል ብሎ ያበቃል። ማስታወቂያዎች «በ30 ደቂቃ ግማሹ ይሞላል» የሚሉትና «በአንድ ሰዓት ሙሉው ይሞላል» ከማለት የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ያ ከሥራ በፊት ብቅ ያለው የግማሽ ሰዓት መብራት ባዶ ስልክ ላይ ብዙ የሚሠራውን ያህል፣ ከመቶ 80 በደረሰ ስልክ ላይ ጥቂት ብቻ የሚጨምረውም ስለዚሁ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በባትሪው ውስጥ ስላለው ነው። በገመዱ በኩል የነበረው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱም ከሊቃውንቱ ይልቅ የኩባንያዎች ታሪክ ነው።

የስልኮቻችን ገመድ የሚሰካበት ዩኤስቢ የተባለው ማያያዣ በ1996 ሲወጣ፣ ለኮምፒዩተር መጻፊያና ማውስ የታሰበ እንጂ ባትሪ ለመሙላት የታሰበ አልነበረም። የሚሰጠውም 5 ቮልትና ግማሽ አምፔር፣ በጠቅላላው 2.5 ዋት ነው። የዛሬ ስልክ ባትሪ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢሆን ወደ 19 ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኀይል ይይዛል፤ በ2.5 ዋት ለመሙላት ከ8 ሰዓት የማያንስ ጊዜ ይፈልጋል። ያ አሮጌ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጠብቃችሁ ክፋት ኖሮበት አይደለም። በ2007 ለመሙያነት ብቻ የሚሆን ሥርዐት ወጣና ልኩ ወደ አንድ አምፔር ተኩል፣ ማለት ወደ 7.5 ዋት ከፍ አለ።

ከዚያ በላይ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ፤ ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ተባዝቶ የሚገኘው ነውና፣ ወይ አምፔሩን መጨመር ወይ ቮልቱን መጨመር ነው። አምፔር ሲጨመር በሽቦው ውስጥ የሚባክነው ሙቀት በእጥፍ ሳይሆን በእጥፉ እጥፍ ያድጋል፤ አምፔሩን ሁለት እጥፍ ብታደርጉት ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መብራት ኀይል ከግድብ ወደ ከተማ ኤሌክትሪክ ሲያመጣ ቮልቱን በብዙ ሺሕ የሚያሳድገው ስለዚሁ ነው። የአሜሪካው ኳልኮም ኩባንያ በ2013 ያንኑ ጥበብ ወደ ስልክ ገመድ አወረደው፤ 5 ቮልት የነበረው 9ና 12 ቮልት ሆነ፣ ቀጭኑም ገመድ ሳይግል ብዙ ዋት ተሸከመ።

ሙቀቱ ግን ከገመዱ ቢወጣ ከሌላ ቦታ ገባ። ባትሪው የሚፈልገው 4 ቮልት ገደማ ስለ ሆነ የመጣውን 9 ቮልት ስልኩ ራሱ በሆዱ ውስጥ ማውረድ አለበት፤ በማውረዱም ጊዜ ይሞቃል። ከባትሪው አጠገብ ሙቀት መጨመር ደግሞ ለታመመ ሰው ብርድ ልብስ እንደ መደረብ ነው። የቻይናው ኦፖ በ2014 ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ ቮልቱን በ5 አቅራቢያ ትቶ አምፔሩን ወደ 4 ገደማ ከፍ አደረገና፣ የማውረዱን ሥራ ከስልኩ አውጥቶ ለቻርጀሩ ሰጠው። ሙቀቱ በግድግዳው ዘንድ ቀረ። ለዚህ ግን ወፍራም ገመድና የራሱ ልዩ ቻርጀር ያስፈልግ ነበር፤ የጎረቤት ቻርጀር ተውሶ መፍጠን አይቻልም ነበር።

ሁለቱን መንገዶች ያስታረቀ ሦስተኛ ዘዴ ቀጥሎ መጣ። አንዱን ባትሪ ለሁለት ከፍሎ በተርታ ማያያዝ ነው። ሁለት ባትሪዎች በተርታ ሲያያዙ የሚፈልጉት ቮልት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 10 ቮልት ቢመጣላቸው ብዙ ማውረድ ሳያስፈልግ ይቀበሉታል። ኦፖ በ2018 በዚህ ዘዴ 10 ቮልትና 5 አምፔር፣ ማለት 50 ዋት ወደ ስልክ አስገባ። ሌሎች ደግሞ በካፓሲተር የሚሠራ መቀያየሪያ አበጁ፤ ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪኩን ሲቀበሉ በተርታ ይቆማሉ፣ ሲሰጡ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ በዚህም ቮልቱ ግማሽ ሆኖ አምፔሩ እጥፍ ይወጣል፤ በሙቀት የሚባክነውም ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ከ100 ዋት በላይ የሆኑት ቻርጀሮች ሁሉ የቆሙት በእነዚህ ዘዴዎች ላይ ነው። በባትሪው ውስጥ ደግሞ የግራፋይቱ ሽፋን ቀጭን፣ ቀዳዳው ብዙ ሆኖ ተሠራ። የፎር የእርሳስ ሊጥ ትዝ ይበላችሁ፤ ከ130 ዓመት በላይ ቈይቶ ያው ምክር ነው የተደገመው። ሽፋኑ ሲቀጥን እንግዳው ቶሎ ይገባል፤ ዳሱ ግን ያንሳል። ስለዚህ እጅግ ፈጣኑ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ባትሪ የያዘው አይደለም።

ይህን መስዋዕትነት እስከ መጨረሻው የወሰደው የጃፓኑ ቶሺባ ነው። በ2008 ግራፋይቱን ትቶ ሊቲየም ቲታኔት በተባለ ነገር ባትሪ ሠራ። በዚህ ነገር ላይ ሊቲየም ብረት ሆኖ የመለጠፉ ሥጋት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በደቂቃዎች ይሞላል፣ በሺሕ የሚቈጠር ጊዜም ተሞልቶ አያረጅም። ነገር ግን ቮልቱ 2.4 ገደማ ስለ ሆነ በአንድ ክብደት የሚይዘው ኀይል እጅግ አነስተኛ ነው። ለአውቶቡስና ለባቡር መልካም ሆኖ ሲገኝ፣ ወደ ኪሳችን ግን አልገባም።

በገመዱ ላይ የሚደረገው ንግግር ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚገርም አይደለም። በ2012 በወጣውና እየተሻሻለ በመጣው የዩኤስቢ የኀይል ሥርዐት መሠረት፣ ቻርጀርና ስልክ ሲገናኙ ኤሌክትሪኩ በ5 ቮልት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ማንም ያለ ፈቃድ አይጨምርም። ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችለውን ቮልትና አምፔር ዘርዝሮ ያቀርባል። ስልኩ ዝርዝሩን ተመልክቶ ከውስጡ አንዱን መርጦ ማመልከቻ ያስገባል። ቻርጀሩ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ቮልቱን ካስተካከለ በኋላም «ተዘጋጅቷል» ብሎ ያስታውቃል። 5 አምፔር የሚሸከም ገመድም ችሎታውን የሚመሰክር ትንሽ ቺፕ በጫፉ ውስጥ አለው፤ ምስክር የሌለው ገመድ ከ3 አምፔር በላይ አይታመንም። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው እናንተ እጃችሁን ከሶኬቱ እስክታነሡ ባለው ጊዜ ነው፤ የእኛ ቢሮዎች ደብዳቤ በዚህ ፍጥነት ቢመላለስ ኖሮ ባለጉዳይ ባልተሰለፈ ነበር። ቻርጀሩ ወይም ስልኩ ቋንቋውን ካላወቀ ሁለቱም በመጀመሪያው 5 ቮልት ይቀራሉ። በገበያ ላይ ትልቅ የዋት ቍጥር የተጻፈበት ቻርጀር ገዝታችሁ ስልካችሁ እንደ ዱሮው ቢንቀራፈፍባችሁ፣ ቍጥሩ ውሸት ባይሆን እንኳ ሁለቱ ያልተግባቡ ሊሆኑ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው ሕግ በአገሮቹ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ አንድ ዐይነት የዩኤስቢ ሲ ማያያዣ እንዲኖራቸው፣ ፈጣን ቻርጅ ያላቸውም ይህን የጋራ ቋንቋ እንዲያውቁ አስገድዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጥቀስ። በ2016 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ስልኮች እየነደዱ ኩባንያው ሁሉንም ከገበያ ለመሰብሰብ በተገደደ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ጥፋቱን በፈጣኑ ቻርጅ አሳበበ። በ2017 መጀመሪያ የወጣው የምርመራ ውጤት ግን ጕድለቱ በባትሪዎቹ አሠራር መሆኑን አስረዳ፤ በአንዱ ሠሪ ባትሪ የዋልታው ማእዘን ተጣጥፎ፣ በሌላው ደግሞ የብየዳው ጫፍ መለያውን ወግቶ ነበር። መለያው ከተወጋ በዝግታም ቢሞላ ይነዳል። በደንብ የተሠራ ባትሪ በሠሪው በተወሰነለት ፍጥነት ሲሞላ የሚመጣበት ነገር እርጅና እንጂ እሳት አይደለም።

እርጅናውም ቢሆን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚመጣው ከሙቀቱና ከጥጋቡ ነው። ሠሪዎች ለስልክ ባትሪ የሚሰጡት የተለመደ ተስፋ፣ 500 ጊዜ፣ በአዳዲሶቹም 1,000 ጊዜ ተሞልቶ ከመጀመሪያ ችሎታው ከመቶ 80ው እንዲቀርለት ነው። ባትሪው ከመቶ 100 ሆኖ በሙቅ ቦታ ሲቆይ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ፣ ያ ጠባቂ ቆዳም እየወፈረ ይሄዳል፤ ቆዳው በወፈረ መጠን ከሥራ የሚወጣው ሊቲየም ይበዛል። ስለዚህ ስልክን ትራስ ሥር አድርጎ መሙላት፣ ወይም በፀሓይ በጋለ መኪና ውስጥ ሰክቶ መተው ከማንኛውም ፈጣን ቻርጀር ይልቅ ይጎዳል። በሥራ ላይ ሳላችሁ ከመቶ 20 ሲደርስ ሰክታችሁ 80 ሲሆን ብትነቅሉት ባትሪው ያመሰግናችኋል፤ ያ ደግሞ ፈጣኑ ቻርጀር ከሁሉ ይበልጥ የሚፈጥንበት ክፍል ነው።

ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከ2019 ወዲህ በብዙ ስልኮች ላይ ሌላ ነገር ጨምረዋል። ስልኩ ባለቤቱ የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ሰዓት ከቀን ወደ ቀን እየተከታተለ ይማራል። ማታ ሲሰኩት በፍጥነት ይሞላና ከመቶ 80 ላይ ሲደርስ ራሱን ያቆማል። በደቂቃዎች ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ ትቶ ሌሊቱን በዝምታ ይጠብቃል፤ የቀረውን 20 የሚሞላው ሊነጋ ሲል፣ ባለቤቱ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።